ወረቀት የሌለው በሽተኛና የአስተርጓሚዋ ቅሬታ

ጥያቄ፦ ዳላስ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙበት፣ በሜክሲኮ በኩል ገብቶ እስከ ዛሬ የመኖሪያ ወረቀት ያላገኘ ያገሬ ልጅ ወደ ድንገተኛ ክፍል እየተመላለሰ የኩላሊት እጥበት ይደረግለታል። ስቃዩን ሳይ አንጀቴ ይላወሳል። ይሁንና እኔ በዲቪ የተጠየቅሁትን ሁሉ አሟልቼ የመጣሁ፣ ኢንሹራንስ ከደመወዜ እየተቆረጠም ልጄን ባሳከምሁ ቁጥር ተጨማሪ የምከፍል ሰው ነኝና፣ እሱ በነጻ ሲታከም ቅር ይለኛል። በዚህ ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ወረቀት አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ለሰው እያዘኑ በዚያው ሰው ቅር መሰኘት ብርቅ አይደለም፤ የሚከፍሉትም ገንዘብ እውነተኛ ነውና ቅሬታዎን እንደ ኃጢአት አንቆጥረውም። ሆኖም «በነጻ» ያሉትን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው ሁሉ፣ ገንዘብም ሆነ ወረቀት ባይኖረው፣ ሆስፒታሉ መርምሮ ከአደጋ እንዲያወጣው ያስገድዳል፤ ቀጣይ ሕክምናን ግን አያስገድድም። ስለዚህ ኢንሹራንስ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን በቀጠሮ የሚያገኘውን እጥበት፣ በቴክሳስ እንደ እሱ ያለ ብዙ ሰው የሚያገኘው በደሙ ያለው ፖታሲየም ለልቡ እስኪያሰጋ ወይም ሳንባው ውኃ እስኪይዝ ጠብቆ ነው፤ እዚያ ካልደረሰ ተመርምሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚያው ክፍለ ግዛት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ይህ አሠራር ከቀጠሮው እጥበት ይልቅ ብዙ ሰው የሚሞትበትም፣ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበትም መሆኑን አሳይቷል፤ ኮሎራዶም በዚያው ዓመት የቀጠሮ እጥበትን በድንገተኛ ሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት አቅም ለሌላቸው ሰዎች የድንገተኛ ሕክምና ወጪ በሚከፍልበት ፕሮግራም፣ አካታለች። ቅሬታዎ የሚገባው ለዚህ አሠራር ነው ባይ ነን።

ይበልጥ የሚያሳስበን ስሜቱ በሥራዎ ውስጥ ሾልኮ እንዳይገባ ነው። ቅር የተሰኘ አስተርጓሚ ብዙውን ጊዜ የሚበድለው በማሳጠር ነው፤ በሽተኛው ትንፋሽ አጥሮት ተቀምጦ እንዳደረ በዝርዝር ሲናገር «ደክሞታል» ብሎ ያልፋል፣ ሐኪሙ ስለ ሙዝ፣ ስለ ቲማቲምና ስለ ምስር ሲያስጠነቅቅም «አመጋገብህን ጠብቅ» ብቻ ይላል፤ በኩላሊት ሕመም ይህ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። እንዲህ ማድረግ መጀመርዎን ካስተዋሉ በስልክ የሚሠራ ሌላ አስተርጓሚ እንዲመደብ ኃላፊዎን ይጠይቁ፤ ነውር የለበትም።

ባልደረባዎን በሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ በሥራዎ የሰሙትን የበሽተኛ ምስጢር ለሥራው ለማያስፈልገው ሰው እንዳይነግሩ ያግድዎታል፤ ለቡና ወሬማ ጨርሶ አይሆንም፣ የዳላስ አበሻ እርስ በርሱ ይተዋወቃልና። እርግጥ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2024 ወዲህ በክፍለ ግዛቱ ገዥ ትእዛዝ ሆስፒታሎች በሽተኛውን ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን አለመመለስ ይችላል፣ መልሱም ሕክምናውን አይነካም። ጥያቄው በእርስዎ በኩል ከቀረበ ይህንኑ ማሳሰቢያ አንድም ሳያስቀሩ ያስተርጉሙለት፣ በእሱ ፈንታም አይመልሱ። ለባልደረባዎ «እሱን የሚጠይቀው የመዝገብ ክፍሉ ነው» ማለት ይበቃል።