መልስ፦ የምናረባቸው አይጦች ልጆቻቸውን ለምን ይበላሉ?

ወንድሜ፣ አዳማ ላይ ለእባብህ ምግብ እንዲሆኑ ሁለት ወንድና አራት ሴት አይጦች ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስቀምጠህ፣ በቆሎ እየሰጠህ፣ እናቶቹ በወለዱ ማግስት ልጆቻቸውን እየበሉ እንዳስቸገሩህ ጽፈሃል።

ትልቁ ጥፋት ቦታው ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ እናቲቱ ትጨነቃለች፣ የወንዱም ዘር ይዳከማል። ከ20 እስከ 26 ዲግሪ የሆነ፣ ነፋስ የሚገባበት ክፍል ፈልግ። የሳጥኑን እግሮች ውሃ በያዙ ጣሳዎች ውስጥ አቁማቸው፤ ጉንዳን አዲስ የተወለዱትን ይጨርሳቸዋል።

ሁለተኛው በቆሎው ነው። ፕሮቲኑ ለምታጠባ እናት አይበቃም። የጫጩት መኖ ዋና ምግባቸው ይሁን፣ በቆሎውን በትንሹ ጨምርበት። ውሃ ለአንድ ቀን እንኳ ከተቋረጠ ልጆቿን ልትበላ ትችላለች።

አንዱን ወንድ አውጣ፣ ይነካከሳሉ። ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ይበቃል። እርግዝናው ከ19 እስከ 21 ቀን ነው፤ ሆዷ ወደ ጎንና ጎን ሲወጣ የተቀዳደደ ሶፍት ስጣትና ከወለደች በኋላ ለአንድ ሳምንት ጎጆዋን አትነካካ። ስትመግባቸው ግን ከሩቅ አይተህ፣ በልጆቹ ስስ የሆድ ቆዳ ሥር ነጭ ወተት ከታየህ ጠብተዋል ማለት ነው። የጥድ ሰጋቱራ አታንጥፍ፣ ሽታው ይጎዳቸዋል።

በ21 ቀናቸው ጡት አስጥለህ ወንድና ሴቱን ለያይ። ከጓዳ የተያዘ አይጥ በፍጹም አትቀላቅል፤ መርዝ በልቶ ከሆነ እባብህም ሊጎዳ ይችላል።