የሆቴሉ ማሽንና የጠያቂያችን ሳንባ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሆቴል የመኝታ ክፍል አጽጂ ነኝ። ሆቴሉ የሲጋራ ሽታ የሚያጠፋ የኦዞን ማሽን ገዝቷል። ማሽኑ እንደጠፋ አንሶላ ልቀይር ስገባ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ ያስለኛል፣ አየር በረጅሙ ስስብ ደረቴን ይወጋኛል። አለቃዬ ግን «ኦዞን ከፀሐይ የሚጠብቀን ነገር ነው፤ ምን ያደርግሻል?» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አለቃዎ ያሉት ኦዞን ያለው ከምድር በላይ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ አንሶላ የሚቀይር ሰው የለም። ኦዞን ሦስት የኦክስጅን አቶሞች የተጣመሩበት ጋዝ ሲሆን፣ ሦስተኛው አቶም ካገኘው ነገር ጋር ለመዋሐድ ይቸኩላል። የሲጋራውን ሽታ የሚያጠፋውም፣ ሳንባዎን የሚጎዳውም ይኸው አንድ ጠባዩ ነው።

በውኃ በቀላሉ የሚሟሟ ጋዝ ቢሆን ኖሮ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ በቀረ ነበር፤ ኦዞን ግን እምብዛም ስለማይሟሟ እስከ ቀጫጭኖቹ የአየር ቱቦዎች ጫፍና እስከ አየር ከረጢቶቹ ድረስ ይዘልቃል። የቱቦዎቹን ውስጠኛ ገጽ የሸፈነው ስስ ፈሳሽ በያዘው ቫይታሚን ሲና ዩሪክ አሲድ ለጊዜው ይመክተዋል። መከላከያው ሲሳሳ ግን ጋዙ የሕዋሳቱን የቅባት ሽፋን ያቃጥላል፤ አክታ ጠርገው የሚያወጡት፣ ፀጉር መሰል ዘለላ ያላቸው ሕዋሳትም ይጎዳሉ። በዚያው ቅጽበት በቱቦዎቹ ግድግዳ ያሉ ነርቮች ይቆጣሉ፤ ሳሉም፣ ውጋቱም፣ በረጅሙ መተንፈስ አለመቻሉም የሚመጣው ከዚህ ነው። የተጎዱት ሕዋሳት በሚልኩት ኬሚካላዊ ጥሪ ደግሞ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ስፍራው ይጎርፋሉ፤ ግድግዳው ያብጣል፣ ፈሳሽም ያሾልካል። ብግነት የሚባለው ይህ ነው። ውጋቱና ብግነቱ አብረው አይሄዱም፤ ማታ ቤትዎ ገብተው «ተሻለኝ» ሲሉ ብግነቱ ገና እየበረታ ሊሆን ይችላል። በተከታታይ ቀናት ሲጋለጡም ሳሉ ይቀንሳል፤ ጉዳቱ ግን በውስጥ ይቀጥላል። ስለዚህ «ለመድኩት» ማለትን እኔ አልወደውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለ8 ሰዓት አማካይ ያስቀመጠው መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 100 ማይክሮ ግራም ነው። ሽታ ለማጥፋት የሚያስፈልገው መጠን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ፍራሽ ሲያነሱ ደግሞ ትንፋሽዎ ስለሚፈጥን የሚስቡት ይጨምራል።

ማሽኑ ሰው በሌለበት ብቻ ይሥራ፤ ከጠፋም በኋላ መስኮቱ ተከፍቶ ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ ድረስ ማንም አይግባ። በክረምት ጦሳ ተራራ ላይ መብረቅ ከወረደ በኋላ የሚሸተውን የመሰለ ስል ሽታ ካለ ወዲያው ይውጡ፤ አፍንጫ ቶሎ ስለሚላመድ ግን ሽታው መጥፋቱን ብቻ አይመኑ። ነጠላም ሆነ የጨርቅ ማስክ ጋዝ አያስቀርም። አስም ካለብዎ፣ ወይም ደረትዎ ሲጥ ሲጥ ካለ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ይዩ፤ ሲሄዱም «ጉንፋን ይዞኛል» ብቻ ብለው አይመለሱ፣ ማሽኑ በስንት ሰዓት እንደጠፋና እርስዎ በስንት ሰዓት እንደገቡ ይንገሯቸው።