ከባሕር የራቀ ከተማ ውስጥ ሱሺ ልብላ ወይ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ለሥልጠና የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ዋና ከተማ ዴንቨር እንደምትሄጂ፣ ባልደረቦችሽ ሱሺ (የጃፓኖቹን የሩዝና የጥሬ ዓሣ ምግብ) እንብላ እንዳሉሽ ጽፈሻል። ባሕር በሌለበት ቦታ ጥሬ ዓሣ አያሰጋም ወይ፣ ጥሩውንስ በምን ልለየው ነው ጥያቄሽ። እኔ የረጅም ርቀት ትራክ ነጂ ነኝ። ውሎ አዳሬ ከባሕር በራቁ ከተሞች ነው፤ ሱሺ ደግሞ በጣም እወዳለሁ። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የባሕሩን ነገር ተዪው። ባሕር ዳር ያለ ሱሺ ቤትም ቢሆን ብዙውን ዓሣ የሚያገኘው በአውሮፕላንና በማቀዝቀዣ መኪና ነው። ሳልመኑ ከኖርዌይ ወይም ከቺሊ፣ ቱናው ከሩቅ ውቅያኖስ ይመጣል። ኒውዮርክ የሚያርፈው ሳጥን ዴንቨር ለመድረስ ጥቂት ሰዓት ቢጨምር ነው።

ብዙ ሰው «ፍሪዘር የገባ ዓሣ» ሲባል ፊቱን ያጠቁራል። ደኅንነቱ ግን ያለው እዚያ ላይ ነው። በአሜሪካ የምግብ ደንብ ጥሬውን የሚቀርብ ዓሣ፣ ውስጡ ያሉ ትሎች እንዲሞቱ፣ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 7 ቀን መቆየት አለበት። ከዜሮ በታች በ35 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ 15 ሰዓት ይበቃዋል። ቱናና ንጹሕ መኖ እየበላ ያደገ የእርባታ ሳልመን ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። የቤት ፍሪዘር አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ላይ ስለሚቆም እቤት ልሞክረው እንዳትዪ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ጥሬ ዓሣ ጭራሽ ይቅርብሽ።

አሁን ወደ ዴንቨር። እዚያ ጥሩ ሱሺ የኖረው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ከምዕራብ ጠረፍ ተነቅለው ካምፕ ሲታጎሩ፣ የኮሎራዶው አገረ ገዢ ራልፍ ካር ዜጎች ናቸው፣ መብታቸው ይከበር ብሎ ተሟገተ። በ1942 ለሴኔት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ብዙ ቤተሰብ እዚያው ዴንቨር ኑሮውን መሠረተ። መሀል ከተማ ሳኩራ ስኩዌር ወደሚባለው አደባባይ ብትሄጂ የካርን ሐውልት ታያለሽ። እኔ እዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አየዋለሁ። በሰው አገር ለሚኖር እንደ እኛ ላለ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ሳውዝ ፐርል ጎዳና ላይ ሱሺ ዴን የሚባል ቤት አለ። ከጃፓን የመጡ ወንድማማቾች በ1980ዎቹ የከፈቱት ነው። ዓሣ የሚያስመጡት ጃፓን፣ ፉኩኦካ ከተማ ካለው የናጋሃማ ገበያ ነው። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ወረፋም አለው፤ ቢሆንም ባልደረቦችሽን እዚያ ውሰጃቸው።

ሌላ ከተማ ስትሄጂም ጃፓኖች እዚያ ሰፍረው ያውቁ እንደሆነ ጠይቂ። ኦሪገን ግዛት ውስጥ፣ ከአይዳሆ ግዛት ድንበር ላይ ኦንታሪዮ የምትባል የሽንኩርት አገር አለች። በዚያው በጦርነቱ ዘመን ብዙ ጃፓናውያን ለእርሻ ሥራ ገብተውባታል። ማን ይገምታል?

እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለው ቦታ ከሆነ ሩዙን እዪ። ጥሩ የሱሺ ሩዝ ለብ ያለ ነው፣ እጅ ላይ አይቀዘቅዝም። ፍሬው አንድ በአንድ ይታያል፣ ሲነሣ አይበተንም፣ አፍ ውስጥ ግን ይፈታል። ቀዝቅዞ ከጠጠረ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ነውና ተነሺ። ስትገቢ ዓሣ ዓሣ ከሸተተሽም አትቀመጪ። ገበያ ያለው ቤት መምረጥ እንዳለብሽ እንኳ አልነግርሽም፤ ጥሬ ሥጋ ለመብላት ሥጋ ቤት ስንመርጥ የምናደርገው ነው።

ኔብራስካ ውስጥ አውራ ጎዳናው ዳር፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤት ጎን አንዲት ጠባብ ሱሺ ቤት አለች። ባንኮኒው ጋ ተቀምጬ የሎውቴይል የሚባለውን ዓሣ አዘዝኩ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። የዛሬው ደስ አላለኝም፣ አልሸጥልህም አለኝ። ከዚያ ቢላውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ሳልመን ቆረጠልኝ። እያንዳንዱን ቁራጭ በቆረጠ ቁጥር ቢላውን ይጠርጋል። ሩዙን በእጁ ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን አድርጎ ሰጠኝ፤ ለብ ያለ ነበር። ባሕር ዳር ባሉ ትልልቅ ከተሞች እንዲህ ያለ ሱሺ ብዙም አልገጠመኝም። ምግብ ቤት «ይህ ዛሬ የለም» ሲልሽ ደስ ይበልሽ። የፈለግሽውን ያህል ብዪ የሚል፣ ሜኑው እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ቤት ግን እኔ አልገባም።

ስትሄጂ ባንኮኒው ጋ ተቀመጪና ዛሬ ምን ጥሩ አለ ብለሽ ሼፉን ጠይቂ። መጀመሪያ አንድ ጥንድ ኒጊሪ (በእጅ በተጨመቀ ሩዝ ላይ ዓሣ የተደረገበት) ብቻ እዘዢ። ከወደድሽው ትጨምሪያለሽ። ሶይ ሶሱን ዓሣውን እንጂ ሩዙን አታስነኪው። በእጅ መብላትም ነውር የለውም።

ጉዞሽ ጾም ላይ ከዋለ የኩከምበርና የአቮካዶ ማኪ (ተጠቅልሎ የሚቆረጥ ሱሺ) አለልሽ። ሚሶ የሚባለው የአኩሪ አተር ሾርባ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓሣ መረቅ ነው የሚሠራው፤ ዓሣ የማትበዪ ከሆነ ሳታዝዢ ጠይቂ።