መልስ፦ የምሳ ሰዓት ይከፈላል ወይ?

እህቴ፣ ሜክሲኮ ሱቅ ውስጥ ምሳሽን ካሸሩ ጋ ተቀምጠሽ እየበላሽ «የምሳ ሰዓት አይከፈልም» መባልሽ ልክ አይደለም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሥራ ሰዓት ማለት የምትሠሪበት ወይም ለሥራ ዝግጁ ሆነሽ የምትጠብቂበት ጊዜ ነው። መደበኛው በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ወጥተሽ የምትበዪበት አይቆጠርም፤ ደንበኛ እያስተናገድሽ የጎረስሽበት ግን ሥራ ነው። የቀኑ ሥራሽ ከ8 ሰዓት ካለፈ የቀን ትርፍ ሰዓት በመደበኛ የሰዓት ክፍያሽ 1.5 እጥፍ ይታሰባል።

እኔም ፒያሳ ካፌ ስሠራ ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ «ማኪያቶ!» ሲሉኝ ሽሮው ይረጋ ነበር።

ለነገሩ የወጣሽበትም ቢከፈል ባይ ነኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰሚት ድረስ ቤቱ ሄዶ የሚመለስ ማን አለ? ሰዓቱ የኛ የሆነው በስም ብቻ ነው። ለማንኛውም ያልወጣሽባቸውን ቀናት ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ያዢ።