መልስ፦ የበሬ ልብ ለዲስከስ ዓሣ

ወንድሜ፣ የበሬ ልብ ለዲስከስ (በመስታወት ገንዳ ለሚቀመጠው ክብና ጠፍጣፋ የጌጥ ዓሣ) ምግብ ይሆናል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ በደንብ ይሆናል። ትልቁ ሥራ ማጽዳቱ ነው። ነጩን ስብ፣ ጅማቱንና የደም ሥሩን በስለታም ቢላ አንድም ሳታስቀር አውጣ። ቀዩ ሥጋ ብቻ ይቅር። ስቡ ውኃው ላይ ቅባት ሆኖ ይንሳፈፋል፣ ለዓሣውም አይፈጭለትም።

እኔ ለ1 ኪሎ ልብ 300 ግራም የተላጠ ሽሪምፕ፣ አንድ እፍኝ ቀቀል ያለ ቆስጣና ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ እፈጫለሁ። ጨውና ቅመም በፍጹም! ከዚያ ላስቲክ ውስጥ አድርገህ እንደ ቂጣ ስስ አድርገህ ዳምጠውና ፍሪዘር ክተተው። በረዶ ሆኖ ሲጠነክር በእጅ ቁርስ ቁርስ ይላል።

በ5 ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጣቸው። የተረፈውን ወዲያው በቱቦ ሳብ፣ ውኃውን ቶሎ ያበላሻል። ሙቀቱም ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ይሁን፤ ከበረዳቸው አይበሉልህም።