መልስ፦ መጋዘን ውስጥ ስንቀዳ ድምፃዊው ሩቅ ይመስላል ላልከው

ድምፃዊው ጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍን የመሰለህ ማይኩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ከአፉ ስለራቀና ባዶው መጋዘን ስለሚያስተጋባ ነው። ማይኩን አንድ ስንዝር ያህል አቅርበው፣ ካርዲዮይድ (ከጀርባው የሚመጣውን ድምፅ እምብዛም የማይሰማ ዓይነት) ከሆነ ጀርባውን ወደ ድራሙ አዙረው፣ ከዛ ወፍራም ብርድ ልብስ ከድምፃዊው ጀርባ ስቀል (ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ብቻ ይሰቅላል፣ ማይኩ ግን አብዝቶ የሚሰማው ከፊቱ የሚመጣውን ነው)።

ድራሙን ግን አታፍነው። ለሱ ማስተጋባቱ ሀብት ነው፣ አንድ ማይክ 5 ሜትር አርቀህ ለብቻው ትራክ (የተለየ የድምፅ መስመር) ላይ ቅዳ፣ ድምፁ እዛ ማይክ ጋር ወደ 15 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሚክስ ላይ (ትራኮቹን ስታዋህድ) በልክ ትጨምረዋለህ።

ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ሰማዩን አይተህ ጀምር። እኛ ምርጡን ቅጂ ጨርሰን ስናዳምጠው መጨረሻው ላይ ጠብ ጠብ የሚል ካፊያ ገብቶበታል፣ ሄድፎን አድርጎ የሚከታተል ሰው ስላላስቀመጥን ማንም አልሰማም፣ ሙሉውን ደገምነው።