ኢንጂነሪንግን ከኮሚኒቲ ኮሌጅ መጀመር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖች ኢንጂነሪንግን በኮሚኒቲ ኮሌጅ (በሁለት ዓመቱ የመንግሥት ኮሌጅ) ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለመዛወር ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። እኔ ራሴ በዚሁ መንገድ አልፌ ነው ሲቪል ኢንጂነር የሆንኩት። ማታ ፓርኪንግ እየሠራሁ፣ ቀን እየተማርኩ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ የማንንም ስም ሳልጠቅስ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ይጨርሳል። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ይግባ ስል ዘመድ ሁሉ «ልጁን ከጓደኞቹ በታች አታድርጊው» ይለኛል። በኋላ ዲግሪው ላይ ይታይበታል?

አይታይም፣ እናቴ። ዲግሪውን የሚሰጠው የሚጨርስበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ቀጣሪም ሆነ የሙያ ፈቃድ ሰጪ የሚያየው የዚያን ትምህርት ክፍል ዕውቅና ነው። ዕውቅናውን የሚሰጠው ድርጅት ኤቤት ይባላል (እኔ እስካሁን «አቤት» እያልኩ ነው የምጠራው)። ዕውቅናው ለእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል እንጂ ለዩኒቨርሲቲው በጅምላ አይሰጥም። ስለዚህ ልጅዎ የሚመኘው ክፍል ዕውቅና እንዳለው ያረጋግጡ።

ክፍያው ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲሶ ገደማ ነው። ከቤት እየበላ ይማራል። ነገር ግን ጥሩ ዩኒቨርሲቲ አብዛኛውን ወጪ ችሎለት ከሆነ ወደዚያ ይሂድ። ሁለቱን የክፍያ ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩ እንጂ የዘመድ ወሬ አይስሙ።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር ምን ልውሰድ? አድቫይዘሬ «ጄኔራል ኮርሶችን ጨርስ» አለኝ።

ይቺ ምክር ብዙ ሰው አስቀርታለች፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይባት።

ለሌላ ትምህርት ምክሩ ይሠራ ይሆናል። ኢንጂነሪንግ ግን ሰንሰለት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የካልኩለስ አንድ የኮርስ ቁጥር ኤም ቲ ኤች 263 ነው። ከሱ 264፣ ከዚያ 265 እና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ማለትም 267 ይመጣል። ፊዚክሱ ካልኩለስ ይፈልጋል። ስታቲክስ የሚባለው የኢንጂነሪንግ ኮርስ ፊዚክስና ካልኩለስ ይፈልጋል። ዳይናሚክስና ሌሎቹ ስታቲክስን ይፈልጋሉ። አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ የኋላው ሁሉ ይቆማል። አንዳንዱ የኢንጂነሪንግ ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ፣ አንድ ሴሚስተር ያመለጠህ ሲመስልህ አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝኛውን፣ ታሪኩን፣ ሶሻል ሳይንሱን በመጀመሪያው ዓመት ጨርሰህ ሒሳቡን ካዘገየኸው፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ ካልኩለስ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ አንድ ላይ ይወርዱብሃል። ማረፊያ የሚሆን ቀላል ኮርስም አታስተርፍም። ከመጀመሪያው ቀን ሒሳብ ያዝ፣ በየሴሚስተሩም አንድ ሒሳብ ይኑርህ። ጄኔራሎቹን በመሃል እንደ ማባያ ጣል ጣል አድርጋቸው።

ሌላው ወጥመድ ፊዚክስ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በአልጀብራ፣ አንዱ በካልኩለስ ይሰጣል። ኢንጂነሪንግ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ፒ ኤች ዋይ 241 እና 242 ይባላሉ። እኔ «ፊዚክስ ፊዚክስ ነው» ተብዬ የአልጀብራውን ወስጃለሁ። ኤ አገኘሁ። ዩኒቨርሲቲው ግን ለትምህርት ክፍሌ አልቆጠረልኝም፣ እንደገና ወሰድኩ። አሁን ሳስበው እስቃለሁ። ያኔ ግን ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና እያቆምኩ ከራሴ ጋር ስጣላ ከረምኩ።

ጥያቄ፦ ዲቪ ደርሶኝ ነው የመጣሁት። አገር ቤት ኢንጂነሪንግ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ከዜሮ ልጀምር?

ከዜሮ አትጀምር። ትራንስክሪፕትህን በየኮርሱ ዘርዝሮ የሚገመግም ተቋም አለ፤ ብዙዎቻችን የተጠቀምነው ደብሊው ኢ ኤስ ነው። መጀመሪያ ግን ልትገባበት ያሰብከው ትምህርት ቤት የየትኛውን ተቋም ግምገማ እንደሚቀበል ጠይቅ። የኮርስ ዝርዝር ይዘቱንም ከዩኒቨርሲቲህ አስልክ። በስልክ የሚሯሯጥልህ ጓደኛ ካለህ አሁኑኑ ለምነው፤ ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል።

የኛ አፕላይድ ማቲማቲክስ አንድ ከዚህ አገር ካልኩለስ አንድ ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም። ቬክተርና ማትሪክስ አለበት፣ ደግሞ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንተግራል። ስለዚህ «ጨርሻለሁ» ስትል «አልጨረስክም» ሊሉህ ይችላሉ። ዝርዝር ይዘቱን ይዘህ የሒሳብ ክፍሉን ኃላፊ አነጋግር።

ከተቀበሉህም በኋላ ራስህን በሐቀኝነት ጠይቅ። ኢንተግራል ከሠራህ ስንት ዓመት ሆነህ? ረስተኸው ከሆነ አንዴ መድገም ካልኩለስ ሁለት ላይ ከመውደቅ ይሻላል።

የነዋሪ ክፍያ (ለስቴቱ ነዋሪዎች ዝቅ ተደርጎ የሚታሰበውን) ለማግኘት ቨርጂኒያ ቢያንስ 12 ወር ነዋሪነት ትጠይቃለች። የኪራይ ውልህን፣ መንጃ ፈቃድህንና የታክስ ወረቀትህን ከመጣህበት ቀን ጀምረህ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ የሚል ፕሮግራም አየሁ። ያው ነው?

ያው አይደለም። ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅህ አሶሼት ኦፍ ሳይንስ የሚባለው የሁለት ዓመት ዲግሪ ነው። እንደ ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂው ያለው፣ «አፕላይድ» የሚል ቃል የተጨመረበት ዲግሪ በቀጥታ ወደ ሥራ እንድትገባ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሲዛወር ብዙው ክሬዲት ይቀራል። በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ለሌላ ዓላማ ነው።

ጥያቄ፦ ኡበር እየነዳሁ ስንት ክሬዲት ብይዝ ይሻለኛል? ሁለት ልጆች አሉኝ።

ሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል 12 ክሬዲት ያስፈልጋል። በሳምንት 40 ሰዓት እየነዳህ ካልኩለስ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ አብረህ ከያዝክ ግን አንዱ ይጥልሃል፤ አይቼዋለሁ። አንድ ሒሳብና አንድ ሌላ ኮርስ ይዘህ ጀምር፣ በሰመርም አንድ ጨምር። ፔል ግራንት (የማይመለሰው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጎማ) ክሬዲት ስትቀንስ አብሮ ይቀንሳል እንጂ ወዲያው አይቋረጥም። ግን በዕድሜህ የሚሰጥህ በሙሉ ጊዜ ተማሪ ስሌት ለ12 ሴሚስተር የሚሆን ብቻ ነው። አራት አምስት ጊዜ ኮርስ እየጣልክ ከበላኸው፣ ዩኒቨርሲቲ ስትደርስና ክፍያው ሲከብድ ካዝናው ባዶ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «የተረጋገጠ ቅበላ» የሚባለውን ማመን ይቻላል?

ይቻላል፤ ውሉን ግን አንብቢው። የቨርጂኒያ 23 ኮሚኒቲ ኮሌጆች ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር፣ መስፈርቱን ያሟላ ተማሪ በዝውውር እንደሚገባ የሚያረጋግጥ ስምምነት አላቸው። የሰሜን ቨርጂኒያው ኖቫ ደግሞ ከጆርጅ ሜሰን ጋር ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም አለው። ስምምነቶቹ የሚጠይቁት ጂፒኤና የኮርስ ዝርዝር ይለያያል። ዩኒቨርሲቲው ተቀበለሽ ማለት የፈለግሽው ትምህርት ክፍል ተቀበለሽ ማለት ላይሆን ይችላል።

ሜሪላንድ ያላችሁ አርትሲስ በሚባለው ድረ ገጽ ክሬዲታችሁ እንዴት እንደሚዛወር ኮርስ በኮርስ ማየት ትችላላችሁ። ስታዩ «ክሬዲቱ ይገባል» እና «ክሬዲቱ ይጠቅማል» የተለያዩ መሆናቸውን አትርሱ። ኮርስሽ ገብቶ በምርጫ ኮርስነት ብቻ ከተቆጠረ ወደ ዲግሪሽ ምንም አላቀረበሽም።

እኔ የምመክረው ከኋላ ወደፊት መቁጠር ነው። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲና ክፍል ምረጪ፣ የክፍሉን የአራት ዓመት ዕቅድ አትሚ፣ ከዚያ እዚህ የምትወስጂውን በሱ ላይ ምልክት አድርጊ።

ጥያቄ፦ 3.9 ይዤ ተዛወርኩ። የመጀመሪያው ሴሚስተር 2.4 ሆነ። ምን ነካኝ?

ምንም አልነካህም፤ ይህ የብዙ ሰው ታሪክ ነው። አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ክሬዲትህን እንጂ ውጤትህን አይቀበልም። ጂፒኤህ ከባዶ ይጀምራል፣ የያዝካቸው ደግሞ ሁሉም ከባድ የክፍልህ ኮርሶች ናቸው። በቀጣዩ ሴሚስተር አራት ከባድ አትያዝ። የፕሮፌሰሮችህን የቢሮ ሰዓት ተጠቀም። እኛ «ላስቸግራቸው?» ብለን እንቀራለን፤ ሰዓቱ እኮ ለዚሁ ተብሎ የተመደበ ነው። ኢንተርንሺፕ ፍለጋውንም በመኸር ጀምር። የቀረህ ሁለት ዓመት ስለሆነ የምታገኘው ሰመር አንድ ወይ ሁለት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከፔል ሌላ ምን ገንዘብ አለ?

ፋይ ቴታ ካፓ የሚባለው የኮሚኒቲ ኮሌጅ የጎበዝ ተማሪዎች ማኅበር ሲጋብዝሽ ኢሜይሉን አትሰርዢው። አባላቱን የሚረዱ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው። ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ለሚዛወሩ ተማሪዎች በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይሰጣል፤ ፉክክሩ ከባድ ነው፣ ግን ሞክሪ። ታክስ ስታስሠሪም የትምህርት ቅናሹን ጠይቂ፤ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል። ከ24 ዓመት በታች ሆነሽ ያላገባሽ ከሆንሽ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻው) አብዛኛውን ጊዜ የወላጆችሽን ገቢ ይጠይቃል፤ አባትሽን ቀደም ብለሽ አዘጋጂው።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ከተማርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ከፕሪካልኩለስ ብጀምር አያሳፍርም?

ምን ያሳፍራል! እኔም ከዚያው ነው የጀመርኩት። የምደባ ፈተና ካለብሽ ከመቀመጥሽ በፊት ካን አካዳሚ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ አንድ ወር ሥሪ፤ ነፃ ነው። ትሪጎኖሜትሪውን ግን እንዳትዘልዪው። ካልኩለስ ሁለት ላይ ጠብቆ ይይዝሻል።